«እምቢ» ሌላ፣ «አላደረግሁም» ሌላ

(ደብረ ብርሃን ላይ ለ11ኛ እና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ለእንግሊዝኛ መምህራንና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከስልክ ቅጂ ላይ ነው የገለበጥኩት። አልፎ አልፎ አሳጥሬዋለሁ እንጂ አልቀየርኩትም።)

እንደምን አደራችሁ ልጆች! እንደምን አደራችሁ መምህራን! ከኋላ የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አደራችሁ! የደብረ ብርሃንን ውርጭ ታውቁታላችሁ። በቅዳሜ ጠዋት ከብርድ ልብስ ወጥቶ፣ አንዳንዶቻችሁም ቁርስ ሳትቀምሱ፣ ስለ እንግሊዝኛ ቃል ለመስማት እዚህ መምጣት ትልቅ ነገር ነው። እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

የማወራው ስለ ጠባብ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰው አላደርግም፣ አላደረግሁም፣ አልቀበልም ሲል የሚጠቀምባቸው ቃላት አሉ። ሪፊዩዝ። ዲናይ። ዲክላይን። ሪጄክት። መጀመሪያ ሪፊዩዝና ዲናይን እንለያለን። ቀጥሎ በትህትና ስለ መመለስ እናወራለን። መጨረሻ ላይ ስለ «የስ» እና ስለ «ኖ» እናወራለን። «የስና ኖማ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እናውቃለን» እንዳትሉኝ። ሰውን ችግር ውስጥ የምትከተው እሷ ናት።

ለምን ስለዚህ ማውራት እንደፈለግሁ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። አመሻሽ ላይ ስልክ ተደወለልኝ። የድሮ ተማሪዬ ናት። ከመንዝ መጥታ ዘመድ ቤት ተቀምጣ የተማረች ጎበዝ ልጅ ነበረች። አንድ ፋብሪካ ተቀጥራ ልብስ ትሰፋ ነበር። ታለቅሳለች። «ቲቸር፣ ሌባ አሉኝ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሚሠሩበት መስመር ላይ መቀስ ጠፋ። ከውጭ አገር የመጣው አለቃቸው ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ጠየቀ። እሷ ጋ ሲደርስ በእንግሊዝኛ «መቀሱን አልወሰድሽም?» አላት። እሷም «የስ» አለች። «አዎ፣ አልወሰድኩም» ማለቷ ነው። እሱ የሰማው ግን «አዎ፣ ወስጃለሁ» የሚል ነው። ከዚያ ወረቀት ሰጧትና «መልስሽን ጻፊ» ተባለች። በልቧ «አልወሰድኩም፣ ክሱን ክጃለሁ» ልትል ነው። እጇ የጻፈው ግን «አይ ሪፊዩዝ ቱ ቴክ ዘ ሲዘርስ» የሚል ነው። ይሄ ምን ማለት ነው? «መቀሱን እምቢ፣ አልወስድም» ማለት ነው! እስኪ አስቡት። በአፏ «አዎ» ያለች ልጅ በጽሑፍ «እምቢ፣ አልወስድም» ትላለች። ያነበበው ሰው ምን ይበል? ዋሸችም፣ ናቀችኝም አለ። ልጅቷ ከሥራ ታገደች።

ወደ እሷ እመለሳለሁ። አሁን ቃላቱን እንያቸው።

በእጃችን የሚገባው የኪስ መዝገበ ቃላት ብዙ ጊዜ ሪፊዩዝን «እምቢ አለ፣ ከለከለ» ይለዋል። ዲናይን ደግሞ «ካደ፣ ከለከለ፣ እምቢ አለ» ይለዋል። ተማሪው ሁለቱን ያይና «አንድ ናቸው» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋዋል። አንድ አይደሉም። እኔን የሚያሳዝነኝ ምን መሰላችሁ? ልዩነቱን በአማርኛችን ጠንቅቀን እናውቀዋለን። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። ከእናቶቻችን ጋር ስንከራከር ነው የለመድነው።

እስኪ መልሱልኝ። እናታችሁ «ሂድ ውሃ ቅዳ» አለችህ። መሄድ አልፈለግህም። ምን ትላለህ?

(«እምቢ!» የሚል ድምፅ።)

እምቢ! ጥሩ። አሁን ደግሞ እናትህ «ስኳሩን የላስከው አንተ ነህ?» አለችህ። ምን ትላለህ?

(«እኔ አይደለሁም!»)

እኔ አይደለሁም! አያችሁ? «ስኳሩን የላስከው አንተ ነህ?» ስትባል «እምቢ» ያለ አለ? የለም። «ውሃ ቅዳ» ስትባል «እኔ አይደለሁም» ያለ አለ? እሱም የለም። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንኳን አይሳሳታትም። በሉ እንግዲህ፣ ሪፊዩዝ ማለት ያቺ «እምቢ» ናት። ዲናይ ማለት ያቺ «እኔ አይደለሁም» ናት። እንግሊዝኛ ለሁለቱም «ኖ» ስለሚል ነው የተምታታብን። የእኛ ቋንቋ ግን በሩን ለይቶ ነው የሰጠን።

ስለዚህ ብዕር ስታነሱ መዝገበ ቃላቱን ከመክፈታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። ሰውየው በአማርኛ ቢሆን ከአፉ የሚወጣው ምንድን ነው? «እምቢ» ነው ወይስ «አላደረግሁም»? «እምቢ» ከሆነ ሪፊዩዝ። «አላደረግሁም»፣ «አይደለም»፣ «ውሸት ነው» ከሆነ ዲናይ። እደግመዋለሁ። እምቢ ከሆነ ሪፊዩዝ፣ አላደረግሁም ከሆነ ዲናይ።

ሰዋስዉም ይህንኑ ነው የሚከተለው። እምቢ የሚባለው ገና ላልተደረገ ነገር ስለሆነ ሪፊዩዝ ከኋላው «ቱ» ያስከትላል። «ሪፊዩዝድ ቱ ጎ»፣ አልሄድም አለ። ዲናይ ግን ተደርጓል ስለተባለ ነገር ስለሆነ «ኢንግ» ያስከትላል። «ዲናይድ ጎይንግ»፣ አልሄድኩም አለ። «ዲናይ ዛት» ይባላል፣ «ዲናይድ ዘ ቻርጅ» ይባላል፣ ክሱን ካደ ማለት ነው። «ሪፊዩዝ ዛት» ብሎ ዓረፍተ ነገር መቀጠል ግን የለም። «ሂ ዲናይድ ቱ ጎ» ደግሞ ስህተት ነው። ስህተት! ከምናርማቸው አሥር ደብተሮች ውስጥ ስንቱ ላይ እንደምናገኛት እኔና እዚህ ያሉት መምህራን እናውቃለን።

ምሳሌ ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ ሮዛ ፓርክስ የሚሏት ጥቁር ሴት ነበረች። በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 1 ቀን 1955፣ ሞንትጎመሪ በሚባል ከተማ አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ ሳለ ሾፌሩ ወንበሩን ለነጭ ልቀቂ አላት። አልለቅም አለች። አሻፈረኝ አለች። ታሰረችም። እንግሊዝኛው ምን ይላታል? ሪፊዩዝድ። «ዲናይድ» ቢባል ጉልበቷ ሁሉ ይጠፋል። እሷ የካደችው ነገር የለም። ዓይኑን እያየች «እምቢ» ነው ያለችው።

አሁን ደግሞ ጴጥሮስን አስቡ። «ዶሮ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ትክደኛለህ» ተብሎ ነበር። በዚያች ሌሊት በእሳቱ ዳር ሲጠይቁት «ሰውየውን አላውቀውም» አለ። ይሄ ዲናይ ነው። ማንም አድርግ ብሎ አላዘዘውም። ከእሱ ጋር ነበርክ አሉት፣ አልነበርኩም አለ።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የእኛ «ካደ» ሰፊ ነው። ጴጥሮስም ካደ እንላለን። «ጓደኛዬ ካደኝ» ስንልም ያችኑ ቃል ነው የምናነሳው። ይሄኛው በእንግሊዝኛ ዲናይ አይደለም፤ ቢትሬይ ነው። ክርስትና ሲነሳ ክርስትና አባት ወይም እናት ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው ሰይጣንን ይክዳሉ። ያ ደግሞ ሪናውንስ ነው፤ ሁለተኛ ካንተ ጋር አልሆንም ብሎ መተው ነው። አንድ «ካደ»፣ ሦስት ቃል። ስለዚህ «ካደ»ን አይታችሁ ወደ ዲናይ አትሩጡ። ከኋላው «አላደረግሁም» ወይም «አላውቅም» ካለ ብቻ ዲናይ በሉት።

ለመምህራን አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። ዜና ላይ «አስተባበለ» ሲባል ተማሪዎች ሪፊዩት ይሉታል። አትፍቀዱላቸው። «አልሰረቅኩም» ማለት ዲናይ ነው። «በዚያ ሰዓት አንኮበር ነበርኩ፣ የመኪናው ትኬት ይኸው፣ አብሮኝ የነበረው ሰውም ይኸው» ማለት ሪፊዩት ነው። ሪፊዩት ማስረጃ ይፈልጋል። በእርግጥ የእንግሊዝኛ ጋዜጠኞችም ራሳቸው ያምታቷታል፣ ግን እኛ በፈተና ወረቀት ላይ ለይተን መጻፉ ይሻለናል።

ስለ ቃል መምታታት ካነሳን፣ ከዚህ ከአጠገባችን አንጎለላ የተወለዱትን አፄ ምኒልክን ሳላነሳ አላልፍም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ። አንቀጽ 17ን ታውቁታላችሁ። የአማርኛው ቅጂ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚላላኩት ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ቢፈልጉ ይችላሉ ነው። የጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ አሰረው። ኢጣልያም ያንን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት አለች። እስኪ ምኒልክ ያደረጉትን በእንግሊዝኛ እንጻፈው። «እንዲህ ያለ ግዴታ አልገባሁም» አሉ፤ ይሄ ዲናይ ነው። «በዚህ አልታሰርም» አሉ፤ ይሄ ሪፊዩዝ ነው። በ1885 ዓ.ም. ደግሞ ውሉን ራሱን አፈረሱት፤ ይሄ ሪናውንስ ነው። ሦስቱም በየተራው መጣ። ከዚያ 1888 የካቲት 23 ዓድዋ ነው። አንዲት «ይቻላቸዋል» የምትል ቃል ምን ያህል ደም እንደጠየቀች አስቡ። እኔ ተማሪዎቼን በቃል ጉዳይ የማስጨንቃቸው ስለዚህ ነው። ክፉ ስለሆንኩ አይደለም።

አንድ ነገር ቀረችኝ፣ ስለ ዲናይ። ሌላ ፊት አላት። «የዘገየ ፍትሕ እንደተነፈገ ይቆጠራል» ሲባል ሰምታችኋል አይደል? በእንግሊዝኛው «ተነፈገ» ለሚለው የገባችው ዲናይድ ናት። እዚህ ላይ ክህደት የለም። የሚገባህን ነገር መንፈግ ነው። ኮምፒውተር ላይ «አክሰስ ዲናይድ» ሲላችሁም መግባት ተከልክላችኋል ነው። በምን ትለዩታላችሁ? ከኋላው ሰውና ነገር ካለ ነው። ማንን? ምን? «እሷን ሕክምና ነፈጓት»። ሪፊዩዝም እንደዚህ ሊገባ ይችላል፤ ሰው ጠይቆ ሲከለከል። ዲናይ ሲሆን ግን የሚገባውን ተነፈገ የሚል ቅሬታ ይጨመርበታል።

እሺ። ወደ ትህትናው እንሂድ። ዲክላይን።

እኔ የተወለድኩት መንዝ ነው። ልጅ ሆኜ፣ ስድስተኛ ክፍል ይመስለኛል፣ ጓሳን ሊያይ የመጣ አንድ ፈረንጅ መኪናው ተበላሽቶበት ቤታችን አደረ። ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ ሊያይ ነበር የመጣው። ከቤቱ እንግሊዝኛ የሚሞክር እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ ነፍሷን ይማርና እንግዳ ስትወድ አይጣል ነው። የገብስ እንጀራ አቀረበች፣ ጠላ ቀዳች፣ ባና አነጠፈችለት። ሰውየው በላ፣ ጠጣ። ልትጨምርለት ስትል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ኖ፣ ታንክ ዩ» አለ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለ?» እኔም «እምቢ አለ» አልኳት።

ፊቷ እንዴት እንደተለወጠ እስከ ዛሬ ይታየኛል። «ምን በደልኩት?» አለች። ቀስ ብላ ሞሰቡን ከደነችው። ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክናት አደረ። ጠዋት ሰውየው ሲሸኝ ሁለት እጇን ይዞ በምልክት ሲያመሰግናት ነው የተረጋጋችው።

ሰውየው እምቢ አላለም። «ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይብቃኝ» ነው ያለው። ያ በእንግሊዝኛ ዲክላይን ይባላል። ግብዣን፣ ስጦታን፣ ሹመትን በአክብሮት መመለስ። ከላቲን ሲመጣ ዘንበል ማለት፣ ጎንበስ ብሎ ገለል ማለት ነው። ጎንበስ ብሎ ገለል ማለት! «ይቅርብኝ» ብሎ ራሱን ዝቅ የሚያደርገውን የእኛን ሰው አይመስልም? ዣን ፖል ሳርትር የሚባለው ፈረንሳዊ ደራሲ በ1964 በአውሮፓ አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶት አልወስድም ሲል እንግሊዝኛው ዲክላይንድ ነው የሚለው። ስልካችሁም ሲጠራ ቀዩ ላይ ዲክላይን ይላል። በክብር ነው ያንን ሰው የመለሳችሁት፣ ቢያንስ ስልኩ እንደዚያ ያስባል። ንግግር ላይ ደግሞ ሰዎቹ «ተርን ዳውን» ይላሉ፤ ያው ነው፣ ለወዳጅ ወሬ የቀለለ ነው።

ስለዚህ የሥራ ዕድል ተሰጥቷችሁ የማትቀበሉት ከሆነ ደብዳቤ ላይ «አይ ሪፊዩዝ ዩር ኦፈር» ብላችሁ አትጻፉ። እኔ በእናቴ ላይ ያደረግሁትን ነው የምትደግሙት። ሞሰቡ ይከደናል። ምስጋናውን አስቀድሙና ዲክላይን በሉ።

ሪጄክትን ቶሎ ልለፋት። ቃሉ በላቲን መልሶ መወርወር ነው። ፋብሪካ የምትሠሩ ታውቋታላችሁ፣ ስፌቱ የተበላሸ ልብስ ወደ ጎን ሲጣል ሪጄክት ነው የሚባለው። ዕቃ፣ ሐሳብ፣ ማመልከቻ ሪጄክት ይደረጋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቪዛ ሲከለከሉ ልጆቻችን «ሪጀክት አደረጉኝ» እያሉ ይሰበራሉ። የአሜሪካ ቪዛ ቅጹን አይታችሁት ከሆነ ከዚህ በፊት ቪዛ ተከልክለሃል ወይ ብሎ የሚጠይቀው በሪፊዩዝድ ነው። ብዙ ሰው የሚመለስበት የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214(ለ)ም ትርጉሙ ወደ አገርህ እንደምትመለስ አላሳመንከኝም ነው። የተመለሰው ጥያቄህ ነው፤ አንተ እንደ ተበላሸ ልብስ አልተወረወርክም። ደግሞም ቅጹ ላይ ያን ጥያቄ ስታገኙ እውነቱን መልሱ። ተከልክላችሁ ከነበረ «የስ» ነው።

አሁን ደረስን። የስ እና ኖ።

አማርኛ ሲጠየቅ ለጠያቂው ንግግር ነው የሚመልሰው። «አልበላህም?» «አዎ፣ አልበላሁም»። ያልከው ልክ ነው ማለታችን ነው። በጣም ያማረ አመክንዮ ነው፣ ምንም ጉድለት የለበትም። እንግሊዝኛ ግን ለድርጊቱ ነው የሚመልሰው። ጠያቂው «በላህ?» ቢል «አልበላህም?» ቢል ግድ የለውም። ከበላህ የስ። ካልበላህ ኖ። ስለዚህ ጥያቄውን እርሱት፣ ድርጊቱን እዩ። «የስ፣ አይ ዲድንት» የሚባል ነገር የለም። የስ ካለ ዲድ፣ ኖ ካለ ዲድንት። ሁለቱ አይለያዩም፣ እንደ በሬ ቀንበር ናቸው።

ሌላም አለች። «ዱ ዩ ማይንድ?» ሲላችሁ «ቅር ይልሃል ወይ?» ነው። መስኮቱን ብከፍት ቅር ይልሃል? እኛ «ክፈት» ለማለት «የስ» እንላለን። ሰውየው ቅር ብሎታል ብሎ ይተወዋል። «ኖ» በሉት፣ መስኮቱ ይከፈታል።

አያችሁ፣ ክፍል ውስጥ ቢሆን አንድ ነጥብ ነው የምትጎድለው። ከክፍል ውጭ ግን ፖሊስ ሊጠይቅህ ይችላል፣ ሐኪም ሊጠይቅህ ይችላል። «የማይስማማህ መድኃኒት የለም?» ሲልህ «የስ» ብትል አስበው። ስለዚህ አዎንና አይደለምን ብቻ ብለህ አትተዋት። ሙሉውን በል። «ኖ፣ አይ ዲድንት ቴክ ኢት።» «ኖ፣ አይ ሃቭ ኖ አለርጂ።» ሁለተኛዋ ቁራጭ ታድንሃለች።

ወደ ልጅቷ ልመለስ ብዬ ነበር።

በማግስቱ አብሬያት ሄድኩ። እናቷም ከመንዝ በሌሊት መኪና ደርሰው ነበር፣ በርኖሳቸውን እንደለበሱ በሩ ላይ ቁጭ ብለዋል። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። ወረቀቱን አሳየኝ። እኔም ስለ አማርኛ «አዎ» አስረዳሁት። «እስኪ ራስህ ጠይቃት» አልኩት። ያችኑ ጥያቄ ደገመላት። መቀሱን አልወሰድሽም? ልጅቷ እኔን አየችኝ። ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። «ኖ። አይ ዲድንት ቴክ ዘ ሲዘርስ» አለች። አለቃው ዝም አለ። ቀጥሎ አዲስ ወረቀት ሰጣት። «አይ ዲናይ ቴኪንግ ዘ ሲዘርስ» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ሰኞ ሥራ ገባች። የወጣን ጊዜ እናቷ «ምን ብላ ነው የዳነችው?» ብለው ጠየቁኝ። «አልወሰድኩም ብላ» አልኳቸው። «ትናንትስ ምን ብላ ነበር?» አሉኝ። «ትናንትም ያንኑ ብላ ነበር እማማ፣ አልሰሟትም ነበር» አልኳቸው።

እሺ ልጆች፣ ብርዱም በረታ። አንዲት ልምምድ አድርገን እንለያይ። በእንግሊዝኛ ልጠይቃችሁ ነው፤ ሳታስቡ እንዳትመልሱ። ቁርስ ያልበላችሁ፣ እናንተን ነው። «ዩ ሃቨንት ሃድ ብሬክፋስት?»

(የተደባለቀ ድምፅ። ገሚሱ «የስ»፣ ገሚሱ «ኖ»።)

ቆይ፣ ቆይ። ጥያቄውን እርሱት። ሆዳችሁን ጠይቁ። በልታችኋል? አልበላችሁም። እንደገና። «ዩ ሃቨንት ሃድ ብሬክፋስት?»

(«ኖ፣ ዊ ሃቨንት!»)

እንደሱ ነው! ውጭ ሻይና ዳቦ አለ። በሉ ተነሱ።